ፎቶው መሃል ላይ ለምን ይጨልማል? የድሬና የሐረር መብራት ሠሪዎች ክር

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄና መልስ የተያያዘበትን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈተችው ድሬዳዋ ውስጥ የሠርግና የምርቃት መብራት የምትሠራ ልጅ ናት። ያገለገሉ ሁለት ዲጂታል ላይቶች አሏት። ለማያውቀው፣ ዲጂታል ላይት ሙቪንግ ሄድ ውስጥ የተገጠመ ፕሮጀክተር ነው። ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ያጎነብሳል። ፎቶና ቪዲዮ ከራሱ ሚዲያ ሰርቨር፣ ፋይሎቹ ከተጫኑበት ኮምፒውተር፣ ያወጣል። የሚታዘዘው ግን እንደ ማንኛውም የመድረክ መብራት ከኮንሶል (ከመብራት ማዘዣው ጠረጴዛ)፣ በዲኤምኤክስ ነው፤ ይህም ትእዛዙን በቻናል በቻናል፣ በቁጥር የሚልክ የመብራት ሲግናል ነው። ሃይ ኤንድ ሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ ዲኤል 2፣ ዲኤል 3 እያለ ያወጣቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። የልጅቷ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አልጻፈችም። የምስሉን መጠን ግን ጽፋለች፤ 1024 በ768 ፒክስል።

ሥራው ከዚራ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ የሚደረግ ሠርግ ነው። የሙሽራው አያት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ የድሮ ፎቶዎች አውጥቶ፣ በጥሩ ካሜራ አስነስቶ ሰጥቷታል። ባቡሩ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ አያትየው በደንብ ልብሳቸው ቆመው አሉ። የፈለገችው ቀላል ነገር ነው። እራት ሲበላ ፎቶዎቹ ነጩ ግድግዳ ላይ ቀስ እያሉ አንዱ በአንዱ እንዲተካ። ላየር የሚባለው አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ የምስል ንጣፍ ነው፤ አንዱን ፎቶ ላየር 1 ላይ፣ ሌላውን ላየር 2 ላይ አድርጋ፣ በ4 ሰከንድ የመጀመሪያውን ኦፓሲቲ ከ100 ወደ 0፣ የሁለተኛውን ከ0 ወደ 100 ትወስዳለች። በወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። ግድግዳው ላይ ግን መሃሉ ላይ ሲደርስ ምስሉ ጨለም ይልና ተመልሶ ይበራል። በዚያ ላይ ለውጡ ሊጀምር ሲል ንቅንቅ ይላል። ጥያቄዋ ሁለቱ ከየት መጡ የሚል ነው።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እጠራለሁ። ቁጥር 1 ሰላምታና መልካም ሠርግ ነው። ቁጥር 2 ሰዓቱን ታርዝመው፣ 8 ሰከንድ ይሁን አለ። ቁጥር 3 ላይ ራሷ ተመልሳ እንደሞከረችው ጻፈች። ጨለማው አልጠፋም፣ ረዘመ እንጂ።

ቁጥር 4 እርግጠኛ ሰው ነው። በአቦ ይጀምራል፣ ችግሩ ዲኤምኤክስ ነው ብሎ ይዘጋል። ማስረጃም አለው። ዲኤምኤክስ 512ቱን ቻናል ሲሞላ ለእያንዳንዱ ቻናል 44 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሙሉ ዙር በሰከንድ 44 ጊዜ ገደማ ብቻ ይልካል። እያንዳንዱ ቻናል ደግሞ 256 እርከን ብቻ ነው ያለው። ኬብሉን ትተሽ ወደ አርትኔት ግቢ፣ ሁሉም ይለሰልሳል ባይ ነው። ቁጥር 5 እና 6 አመስግነው ሄዱ። ቁጥር የያዘ መልስ ሲመጣ ማን ይጠይቃል!

ቁጥር 7 ጠየቀ። ሐረር ውስጥ ለባህል ትርዒት መብራት የሚሠራ ነው፤ በትሕትና ነው የገባው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ የማይገናኝ ነገር ላይ ነው የዋሉት አለ። 256ቱን እርከን ለ4 ሰከንድ ብናካፍል በሰከንድ 64 እርከን ይደርሳል። ይህ ዲኤምኤክሱ ራሱ ከሚልከው 44 ይበልጣል፣ ዓይንም አይቆጥረውም። እርከኑ የሚታየው ፌዱ፣ ማለትም ቀስ እያለ የሚደረገው ለውጥ፣ ሲረዝም ነው። ለ30 ሰከንድ ሲሆን በሰከንድ 8 ወይም 9 እርከን ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ጨለም ያለ ምስል ላይ ደረጃ ደረጃ ሲል ይታያል። መድኃኒቱ ኬብል መቀየር ሳይሆን የመብራቱን ሞድ ኦፓሲቲው 16 ቢት ወደሆነበት ማዞር ነው። ሁለት ቻናል ይበላል፣ በምትኩ 65,536 እርከን ይሰጣል። አርትኔት ያንኑ የዲኤምኤክስ ቁጥር በኔትወርክ ኬብል የሚያጓጉዝ መንገድ እንጂ ቁጥሩን የሚያበዛ አይደለም።

ቁጥር 4 ይህን አልወደደውም። በቁጥር 8 ተመልሶ፣ ሐረር ውስጥ ዲጂታል ላይት መኖሩን ዛሬ መስማቱ እንደሆነ ጻፈ። ከዚህ በኋላ የክሩ አየር ትንሽ ተለወጠ።

ቁጥር 9 ቪዲዮ ኤዲተር ናት። በእኔ ግምት ክሩን ያቃናችው እሷ ናት። ኦፓሲቲ የሚለካው ላየሩ ምን ያህል እንደሚሸፍን ነው፣ ምን ያህል እንደሚያበራ አይደለም ትላለች። የላይኛው ላየር እንደ ነጠላ ነው። ግማሽ ሲደርስ የታችኛውን ግማሹን ይሸፍናል፣ ግማሹን ያሳልፋል። ጠያቂዋ ግን በዚያው ቅጽበት የታችኛውንም ወደ ግማሽ አውርዳዋለች። ስለዚህ ከላይኛው 50 ይመጣል፤ ከታችኛው የግማሽ ግማሽ፣ ማለትም 25። ድምሩ 75 ነው። የጎደለው 25 ከሁለቱ ላየሮች በታች ያለው ጥቁር ነው። መፍትሔዋ አንድ ነው፤ የታችኛውን አትንኪው። 100 ላይ ይቀመጥ፣ የላይኛው ብቻ ይከፈት። የላይኛው 100 ሲደርስ የታችኛው ስለማይታይ፣ ያኔ የፈለጉትን ማድረግ ይቻላል።

ቁጥር 10 በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፣ ጥሩ ነገርም ጨመረ። 75 ሲባል ጉድለቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ያ የሲግናሉ ቁጥር ነው። ፕሮጀክተር ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ብርሃን አይለውጥም፣ ጋማ የሚባል ኩርባ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 2.2 አካባቢ። በዚያ ኩርባ 0.75 ግድግዳው ላይ ሲደርስ 0.53 ብርሃን ይሆናል። ልጅቷ ያየችው ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ሲወርድ ነው ማለት ነው። ቁጥር 11 ይህ ሁሉ የወረቀት ሂሳብ ነው፣ በዓይን አይለይም ብሎ ተከራከረ። መልሱ በአንድ መስመር መጣለት። ጨለማ ፎቶ ላይ አይለይም፣ ከጣቢያው በላይ ያለው ነጭ ሰማይ ላይ ግን ሕፃን ልጅም ያየዋል።

በቁጥር 12 ጠያቂዋ ተመለሰች። የታችኛውን ሳትነካ ሞክራዋለች፣ ጨለማው ድራሹ ጠፍቷል። ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ። ሁለተኛው ፎቶ ከላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ፣ ሦስተኛው በየት በኩል ይገባል?

ቁጥር 13 መንገዱን ነገራት። የላይኛው ግድግዳውን ሙሉ ሲሸፍን፣ ከሥሩ ያለውን ፎቶ በዜሮ ሰከንድ ቀይሪው፣ ማንም አያይም። ቀጥሎ የላይኛውን ዝጊው፤ ሦስተኛው ከሥር ብቅ ይላል። አራተኛው ደግሞ እንደ ሁለተኛው ከላይ ይከፈታል። አንዴ ከላይ በመክፈት፣ አንዴ ከላይ በመዝጋት እየተፈራረቁ መሄድ ነው። በኮንሶሉ ላይ ይህ ለአንድ ፎቶ ሁለት ኪዩ፣ ማለትም ሁለት የተቀመጠ ትእዛዝ፣ ይፈልጋል። አንዱ ፌዱ ነው፣ ሌላው ፌዱ ካለቀ በኋላ ራሱ ተከትሎ የተደበቀውን ፎቶ የሚቀይር ነው። በመካከላቸው አንድ ሁለት ሰከንድ ትንፋሽ መስጠት ይሻላል። ይኸው ሰው አንዳንድ መብራት አዲቲቭ የሚባል የላየር ሞድ እንዳለውም ጠቆመ። አዲቲቭ አይሸፍንም፣ ይደምራል። በእሱ ከሆነ መጀመሪያ እንደሠራችው አንዱን እያወረዱ ሌላውን እኩል ማንሳት ልክ ይሆናል፤ 50 እና 50 ሲደመር 100 ነው።

ቁጥር 14 ላይ ልጅቷ የጻፈችው ያስቃል። ፈረቃው ሠርቷል። የአያትየው ፎቶ ግን ቁመት እንጂ ወርድ የለውም። መሃል ላይ ቆመው ሲታዩ በግራና በቀኝ ከሥር ያለው ባቡር ብቅ ብሎ ይታያል። ላየሩ 100 ነው፣ ግን የሚሸፍነው ፎቶው እስከሄደበት ድረስ ብቻ ነው።

ቁጥር 15 ያው ኤዲተሯ ናት፤ አሁን ረዘም አድርጋ ጻፈች። ሁሉም ፎቶ፣ ቁመት ያለውም ወርድ ያለውም፣ 1024 በ768 በሆነ ጥቁር ሸራ ላይ ይለጠፍ። ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ይሁን፣ ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል ሆኖ ባዶ የሚያሳልፍ እንዳይሆን። ያኔ የአያትየው ፎቶ ዳርና ዳሩም ይሸፍናል፣ ባቡሩ አይሾልክም። ንቅንቅታውም እዚሁ ጋ እንደሚፈታ ጠረጠረች። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ መሆናቸውን ጠየቀች። ናቸው፤ 6000 በ4000 ፒክስል፣ 24 ሚሊዮን። የመብራቱ ምስል 786,432 ፒክስል ብቻ ነው። ሰርቨሩ ከሚያስፈልገው 30 እጥፍ የሚሆን ዳታ ከዲስክ እየጎተተ፣ እያሳነሰ፣ በዚያው ቅጽበት ፌድ እንዲሠራ ነው የተጠየቀው። ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል! ፎቶዎቹን በልካቸው አሳንሶ መጫን ነው። ክሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ ቢትና ስለ ኬብል ሲጣሉ ቆይተው፣ ግማሹ ችግር የፎቶ መጠን ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ቁጥር 16 መጣ። እኔ ክሩን ለጓደኞቼ የምልከው በዚህ መልስ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የሠርግ አዳራሽ ኦፕሬተር ነበር፤ የአዳራሹን ስም አልጠራም። እሱም ፌድ ሲሠራ 5 ሰከንድ ለኪዩው በሙሉ ሰጠ። ለኦፓሲቲው ብቻ አይደለም፣ ፋይል የሚመርጠውም ቻናል አብሮ 5 ሰከንድ ተሰጠው። የሚከፈተው ፋይል 3 ነበር፣ ቀጣዩ 10። ኮንሶሉ የታዘዘውን አደረገ። ከ3 ወደ 10 ሲሄድ 4ን፣ 5ን፣ 6ን እየረገጠ ሄደ። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ የባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ፎቶዎች አልተሰረዙም ነበር። ሙሽራው ከሙሽሪት ጋር ተቀምጦ እያለ፣ ግድግዳው ላይ በየተራ የሌላ ሰው ሙሽራ፣ የሌላ ሰው ሚዜ፣ የሌላ ሰው ኬክ አለፈ። የሙሽሪት እናት ተነሥተው ማን ናት ብለው ጠየቁ። ትምህርቱ አጭር ነው። ፎልደርና ፋይል የሚመርጡ ቻናሎች ስናፕ መሆን አለባቸው፣ በዜሮ ሰከንድ ይዝለሉ፤ ፌድ የሚደረገው ኦፓሲቲው ብቻ ነው። ያለፈው ሠርግም ይሰረዝ። ይህን መልስ አምስት ሰው ያህል በሳቅ ብቻ መለሰለት፤ ቁጥራቸውን እዘላለሁ።

ቁጥር 22 ላይ ጡረታ የወጡ የሲኒማ ማሽን ሠራተኛ ገቡ። ድሬ ሁሉንም አንተ ትላለች ቢባልም እዚህ ላይ ሁሉም ጋሼ ብሎ ነው የመለሰላቸው። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ፊልም ነው። አንድ ጥቅል 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ምስሉ በስተቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ ነጥብ ብልጭ ይላል፣ ያኔ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሣሉ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሌላ ነጥብ ይመጣል፣ ያኔ አንዱን ዘግተው ሌላውን ይከፍታሉ። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። ፌድ አልነበረም፣ ቁርጥ ነው፤ እጅ ከዘገየ ግን አዳራሹ ጨልሞ ፉጨቱ ይቀልጣል። ቴክኒኩ ከዲጂታል ላይት ጋር እምብዛም አይገናኝም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱን ወደድኩት። ከዚያ ወሬው ወደ ድሮ ሲኒማ፣ ከሲኒማ ወደ ፈቲራ፣ ከፈቲራ ወደ ሐረር ሆጃ ሄደ። ድሬ ይሻላል ሐረር ይሻላል የሚለው የማያልቅ ጭቅጭቅም ተነሣ። ብዙ መልስ በዚህ አለቀ።

ጨዋታውን የመለሰው የሐረሩ ሰው ነው፣ ቁጥር 31። ጁገል ውስጥ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት መብራት አደራርበው፣ አንዱ አንዱን ፎቶ፣ ሌላው ሌላውን እንዲያሳይ አድርገው ሞክረው ነበር። በሁለት መብራት ሲሆን ነጠላ የለም፣ ሁለት ብርሃን ግድግዳው ላይ ይደመራል። ስለዚህ እኩል 50 እና 50 ትክክል ይመስላል። ግን ጋማው እዚህም አለ። 50 ላይ ያለ መብራት 22 ከመቶ ብርሃን ብቻ ይሰጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 44። ከቁጥር 9 ሂሳብ የባሰ ጨለማ ነው። እነሱ ያደረጉት መሃሉ ላይ ሁለቱንም 73 አካባቢ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ለዚያ ኮንሶሉ ላይ የፌዱን ኩርባ መቀየር ይቻላል፤ የሚወጣው ቶሎ እንዲነሣ፣ የሚወርደው መጀመሪያ ላይ እንዲዘገይ። ሌላም ጣጣ አይተዋል። የአንዱ አምፖል ብዙ ሰዓት የሠራ ስለነበር ነጩ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ምስሉ ሲቀየር የግድግዳው ቀለም አብሮ ይቀየራል። የእሱ ምክር፣ አንድ መብራት ውስጥ በላየር መሥራት ከተቻለ ሁለት መብራት አትደራርቡ የሚል ነው። ሁለተኛው ሌላ ግድግዳ ያብራ።

ጁገል የሚለው ስም ሲነሣ ቁጥር 32 ቆጣ። ጁገል በፈረንጆቹ 2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ የመብራት መጫወቻ አይደለም ብሎ ጻፈ። ቁጥር 33 ብርሃን ድንጋይ አይበላም አለው። ሐረሬው በጨዋነት መለሰ። ያበሩት የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነው፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ አንድ ምስማር ሳይመታ፤ ግንቡን አልነኩም። ቅርስ የሚጎዳው ብርሃኑ ሳይሆን ለኬብል ማንጠልጠያ የሚመታው ምስማር ነው፣ ስለዚህ የቁጥር 32 ስጋት ከንቱ አይደለም ብሎም ጨመረ። እኔ ብሆን እንዲህ ታግሼ አልመልስም ነበር።

ከዚያ ያ ቁጥር 4 ተመለሰ፣ አሁን 35 ሆኖ። ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ዕቃውን ሸጠሽ ላፕቶፕና ደህና ፕሮጀክተር ግዢ፣ ፌድ በሶፍትዌር በአንድ ቁልፍ ይሠራል ባይ ነው። አሮጌ ዕቃ ይዞ ሥራ መያዝ ደንበኛ መበደል ነው ብሎም ጨመረ። ልጅቷ በቁጥር 36 አልማረችውም። ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ እንደተተከለ ይቀራል፤ የእሷ መብራት ፎቶውን ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ፣ ከጣሪያው ወደ መግቢያው በር ይወስደዋል። ደንበኛዋ የከፈለው ለዚያ ነው። ችግሩ ዲኤምኤክስ ነው ያለው ማን እንደነበረም አስታወሰችው። ቁጥር 4 ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

ቁጥር 38 ሌላ ሰው ያላነሣውን ነገር አነሣ፣ ስለ ጥቁር። ኦፓሲቲው ዜሮ ሲሆን ፕሮጀክተሩ ጠፋ ማለት አይደለም። አምፖሉ በርቷል፣ ትንሽ ብርሃን ያፈስሳል፤ ግድግዳው ላይ ግራጫ አራት ማዕዘን ይቀራል። ግቢው ሲጨልም ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ፎቶው ሲያልቅ በኦፓሲቲው ብቻ ሳይሆን በመብራቱ ሜካኒካል ሸተር፣ ብርሃኑን በአካል በሚጋርደው ክዳን፣ ይዘጋ። ያው ሰው የድሬን ሙቀትና አቧራም አነሣ። ፊልተሩ በአቧራ ከተደፈነ መብራቱ ይግላል፣ ይጠፋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል፤ ከጀነሬተር በተጨማሪ ቢያንስ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሁን አለ። ቁጥር 39 የቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሙሽራውን ሲቀርጽ ግድግዳው ይርገበገብበታል። የፕሮጀክተሩ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ የካሜራውን ሸተር 1/60 አድርገው ተባለ፤ አመስግኖ ሄደ።

የመጨረሻው ቁም ነገር ከቁጥር 41 መጣ። ፎቶ ለፎቶ ገብቶታል፣ ቪዲዮ ከቪዲዮ ጋር ሲሆንስ? ኤዲተሯ መለሰች። ፌዱ እስኪያልቅ ሰርቨሩ ሁለት ቪዲዮ ባንድ ጊዜ ይፈታል፤ ፎቶ ላይ ያልታየ ድካም እዚህ ይታያል። ኤች 264 የሚባለው ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ፣ ብዙውን ፍሬም ከጎረቤቱ ፍሬም ተነሥቶ ስለሚገነባው፣ ከመሃል ዝለል ሲባል ወይም ዞሮ ከመጀመሪያው ሲጀምር ይቸገራል። እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ኮዴክ ይሻላል። ሃፕ ወይም ፕሮሬስ፣ ሰርቨሩ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ፍሬም ሙሉ የሆነ ኤምፔግ 2። ፋይሉ ይከብዳል፣ ሥራው ግን ይቀላል። ሁለተኛው ቪዲዮ ፌዱ ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኦፓሲቲው ዜሮ እያለ፣ ተጭኖ መሮጥ ይጀምር። ቁጥር 43 ሃፕ በየትኛው ሰርቨር እንደሚሠራ ጠየቀ፤ እሷም ከመጫኑ በፊት የሰርቨሩን መመሪያ አይተህ፣ የ10 ሰከንድ ፋይል ሠርተህ ሞክረው አለችው።